ግፊቱ እንዳይወርድ

«ነገ የአባትሽን የደም ግፊት ሆን ብዬ ዝቅ አደርገዋለሁ።»

ማርያማዊት ክው አለች። ይህን ያላት የምትወደው ሰው ነው፤ ኃይለልዑል፣ የሆስፒታሉ የማደንዘዣ ባለሙያ። በማግስቱ አባቷ ጋሽ ወልደሚካኤል አፍንጫቸው ውስጥ ያደገው እባጭ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላቸው ነው።

«ለምን?»

«ቦታው ጠባብ ነው። ደም ከሞላው ሐኪሙ የሚቆርጠውን አያይም። ግፊቱ በመድኃኒት በልኩ ሲቀንስ መድማቱም ይቀንሳል። አጠገባቸው ሆኜ እከታተላለሁ፤ ሲያልቅ መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታምነው ነበር። የተዋወቁት ሶማሌ ተራ፣ አባቷ ሱቅ ውስጥ ነው። የመስኮቱን ልክ ሳይዝ መጋረጃ ሊገዛ መጣ፤ ሳቀችበት። ልኩን ይዞ ተመለሰ። መጋረጃውን ከሰቀለ በኋላም መመላለሱን አልተወም። ሽማግሌ ሲልክ ግን ጋሽ ወልደሚካኤል «ልጄን ለደሞዝተኛ አልሰጥም!» ብለው ከደጅ መለሷቸው።

«ኃይሌ... ቂም ይዘህ አይደለም አይደል?»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች። እሱ ትክ ብሎ አያት። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ብሎ ብቻ ሄደ።

ማታ የሰማችውን ለእናቷ ለእትዬ አመተ ሥላሴ ነገረቻቸው። «ደሙን አውርዶ ሊገድልብኝ!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። ማርያማዊት የገባትን ያህል አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ዝም አሉ። እትዬ አመተ ሥላሴ ዝም ሲሉ ነበር መፍራት።

ጠዋት ጋሽ ወልደሚካኤል በአልጋ ተገፍተው ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«አይዞሽ፣ አይወርድም።»

«ምኑ?»

«ግፊቱ ነዋ! ጎህ ሲቀድ በሶ በጨው በጥብጬ አጠጥቻቸዋለሁ። ለማንም እንዳይተነፍሱ በራጉኤል አስምዬአቸዋለሁ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ፤ ማርያማዊት ግን ይህን ጉድ ሰምታ አልቆመችም። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

«ኃይሌ! ኃይሌ! እንዳታስተኛው! አባዬ በልቷል!»

በሩ ተከፈተ። ኃይለልዑል ጓንቱን እንዳጠለቀ ቆሟል፤ መድኃኒቱን በመርፌ ቀድቶ ሊሰጣቸው ነበር።

«ምን በሉ?»

«በሶ... ጠዋት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ከተኙ በኋላ ሆዳቸው ያለው ተመልሶ ሳንባቸው ቢገባ ኖሮ...» አልጨረሰውም። እትዬ አመተ ሥላሴ ተዝለፍልፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። የእሳቸው ግፊት ያለ ማንም ትእዛዝ ወረደ።

ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ማርያማዊት ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«ትናንት ያልኩህ...»

«አሳምሞኛል፤ አልዋሽሽም» አላት። ቆየት ብሎ፣ «ዛሬ ግን ስትደነግጪ የጠራሽው እኔን ነው።»

እጁን ያዘችው።

በሳምንቱ ጋሽ ወልደሚካኤል ምንም ሳይቀምሱ መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ የኃይለልዑልን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»



«አይ ጋሼ» አለ ኃይለልዑል። «በፍርሃት የተሰጠ ቃል አልቀበልም። ሲነቁ ይነግሩኛል።»

አልጋውን ገፋው፤ በሩ ተዘጋ። ማርያማዊት ደርቃ ቀረች። ስንት ጊዜ የተሳለችለትን ቃል በአፍጢሙ ደፋው! አባዬ ነቅቶ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ጭራሽ ባይነቃስ? የቱን አስቀድማ እንደምትፈራ ጠፋት።

በመጨረሻ ኃይለልዑል ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። «ወርዶ ነበር፤ አሁን ተመልሷል» አላት። እናትና ልጅ ተከትለውት ገቡ።

ጋሽ ወልደሚካኤል አፍንጫቸው በፋሻ ተጠቅጥቆ ዓይናቸውን ገለጡ። ክፍሉን ቃኙ፤ ተቆጡም።

«የት አሉ?»

«እነማን፣ አባዬ?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸዋ! ነቅቼ የለም እንዴ?»