የሰባት ቁጥር አረፎ

ትብለጥ ምሳዋን ልትበላ ስትል እንደ ልማዷ ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋች። የብረት እጁ ዝቅ አለና ሰባት ቁጥርን ከላይ ቀጥ አድርጎ ተጫነው፤ አረፋው መዳፏ ላይ ጉብ አለ። እጁ ትንሽ ጠብቆ ሊደግም ሲል «በቃኝ፣ ተባረክ» አለችው። ቆመ። እሷም አረፋውን አሻሽታ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጋ ተቀመጠች። ጨረቃ ላይ ውሃ የሚሰፈረው በማንኪያ ስለሆነ፣ ሰው እጁን የሚታጠበው በአረፋ ነው።

ቤቱ «ዕድሜ ቤት» ይባላል። ስሙ ገናና ነው እንጂ ስፋቱ ከአንድ አውቶቡስ አይበልጥም። እዚህ ዕቃ የሚመጣው ሊሰበር ነው። መቶ አርባ ዓመት የምትጓዘው የጠፈር መርከብ መንገድ ላይ ሱቅ አታገኝም፤ ስለዚህ የምትጭነው ክዳንም ሆነ ማጠፊያ አስቀድሞ ዕድሜ ቤት ገብቶ እስኪደክም ይሠራል። ለትብለጥ የደረሷት አሥራ ሁለት አረፎዎች ነበሩ። አረፎ ማለት ባለቀ ቁጥር እየተሞላ የሚሠራ፣ ሲጫኑት ፈሳሽ ሳሙናን ከአየር ደባልቆ አረፋ የሚተፋ ዕቃ ነው። አሥራ ሁለት የብረት እጆች የየራሳቸውን አረፎ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ይጫናሉ። ፈተናው የሚያበቃው ሁሉም ሲሰበሩ፣ ካልሆነም ሃያ ዓመት ሲሞላ ነው ተባለ። ለሁለት ሰው አየር አይበቃም ተብሎ የተላከችው ብቻዋን ነበር።

አሥራ አንዱ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው ተራ በተራ ተሰናበቱ። ሰባት ቁጥር ግን እምቢ አለ። እሱ ካልተሰበረ ደግሞ ሃያው ዓመት ሳይሞላ አገሯ መግባት የለም። መጀመሪያ አካባቢ «ምናለ ብትሰበርልኝ፣ አንተ ክፉ!» እያለች ትረግመው ነበር። ኋላ ግን እሱ ቢሰበር ማን ሊያስታጥባት ነው? እርግማኑን ተወችው።

ነገሩ የተጀመረው በመጀመሪያው ዓመት፣ በፋሲካ ዕለት ነው። ትብለጥ የታሸገ ምግቧን አሙቃ ቀረበች፤ ግን አልበላ አላት። ወረታ፣ እነሱ ቤት፣ ብቻውን ታጥቦ ማዕድ የሚቀርብ ሰው አልነበረም። ታናሽ ያስታጥባል፣ ታላቅ ይመርቃል። እሷ የቤቱ መጨረሻ ስለነበረች ዕድሜዋን ሙሉ ስታስታጥብ ነው ያደገችው። ያን ቀን ታዲያ ምግቡን እያየች ሆድ ባሳትና አለቀሰች፤ ስቅስቅ ብላ። ከዚያ ተነሥታ የሰባት ቁጥርን የብረት እጅ አሠራሩን ቀየረችው።

መሐንዲሶቹ እጁን ሲሠሩ ያሰቡት ብቻውን የሚታጠብ ሰውን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በጎን በኩል ጫን ያደርጋል፣ በዚያው እጁ ይቀበላል፣ በራሰው እጁ ደግሞ ይጫናል፤ የብረት እጆቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ትብለጥ ግን የሰባት ቁጥርን እጅ እንደ አስታጣቢ አስተማረችው፦ በደረቅ መዳፍ፣ ከላይ፣ ቀጥ አድርጎ መጫን፤ መጠበቅ፤ «በቃኝ» እስኪሉት መድገም። የፈተና ዕቃ መነካካት ክልክል መሆኑን አጥታው አይደለም። ነገ እመልሰዋለሁ አለች። ነገ ነገን እየወለደ ዓመቱ ነጎደ።

ሃያኛው ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው፣ የጉዞ ዕቃዎች ቢሮ ኃላፊ አቶ ልሳኑ ከምድር ደወሉ።

«ወይዘሮ ትብለጥ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ኮሚቴው ሰባት ቁጥርን አጽድቆታል። በሱ ልክ አራት ሺህ አረፎ ሊሠራ ነው።»

ድምፅ ከጨረቃ ምድር ደርሶ እስኪመለስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል።

«እርስዎም በሚቀጥለው መንኮራኩር ይመለሳሉ» አሉ ቀጥለው።

«እሰይ!» አለች። «ግን እሱ ብቻ ለምን እንደቆየ ደረሳችሁበት?»

«ሞላው ይመስለናል፤ ያ ተጨምቆ ተመልሶ የሚዘረጋው ሽቦ። ብረቱ ከሌሎቹ ሳይለይ አይቀርም። እባክዎ ይፍቱትና ይለኩልን።»

በዚያው ቀን ከእህቷ ከእትዬ አስካለ መልእክት ደረሳት። «ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼዋለሁ። አልጋሽንም ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ስልሳ ስምንት ሞላኝ እኮ፣ አንቺ! ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል፤ ቶሎ ነይ።» ትብለጥ መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማችው።

በማግስቱ ሰባት ቁጥርን ፈታችው። ሞላውን ለካች፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። መዘነችው፤ ያው ነው። ግራ ገባትና የተሰበሩትን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። የአሥራ አንዱም መጫኛ ዘንግ ወደ አንድ ጎን ጎብጧል። ከራሰው መዳፍ የወረደው እርጥበት በጎበጠው በኩል ሾልኮ ገብቶ ሞላቸውን በልቶታል። የሰባት ቁጥር ዘንግ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ሞላውም ደረቅ።

ሰባት ቁጥርን ያቆየው ብረቱ አይደለም፤ አጫጫኑ ነው። በሱ ልክ የሚሠሩት አራት ሺዎቹ መርከቧ ላይ ብቻውን የሚታጠብ ሰው እጅ ሲገቡ፣ እንደ አሥራ አንዱ በዘጠኝ ዓመታቸው ያልቃሉ።

ዝም ብትልስ? ማን ያያል? መርከቧ ከሄደች አትመለስም። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ እሷ ወረታ ተቀምጣ ጸሐይ ትሞቃለች። ብትናገር ደግሞ ፈተናው ውድቅ ሆኖ እንደገና ሊጀመር ነው፤ ሌላ ዘጠኝ ዓመት። እስከዚያ እትዬ አስካለን በሕይወት ታገኛት ይሆን?

ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። በሩ አጠገብ በየዕድሜ ቤቱ የሚለጠፍ ዝርዝር አለ፦ ቀደም ብላ በሄደችው መርከብ መታጠቢያዎች ሲበላሹ፣ ከእጅ በመጣ ተቅማጥ ያለቁ አርባ አንድ ሕፃናት ስም። ትብለጥ ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበራት ሃያ ዓመት ስታነበው ኖራለች። የልጅነት ጎረቤቶቿን ስም ረስታ የእነዚህን በቃሏ ታውቃለች። በሦስተኛው ቀን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብላ አነበበችውና ወደ ምድር ደወለች።

«አቶ ልሳኑ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።» አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ሦስት ሰከንዱ አለፈ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ?» አሉ።

«ከመጀመሪያው ፋሲካ ጀምሮ።»

«አይ ወይዘሮ ትብለጥ! ምን ነካዎት? እርስዎን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው?»

«ብቻዬን መብላት አቃተኝ» አለች።

ኮሚቴው ዘጠኝ ቀን መከረ። ሰባት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ እንደተፈታ ነው፤ ውሳኔ ሳይመጣ መግጠም አልደፈረችም። እጇን ብቻዋን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች ትበላለች፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተዋለች። ከሃያው ዓመት እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከበዷት። ለእህቷም ምን ብላ እንደምትነግራት ጠፍቷት መልእክቱን ሳትመልስ ቀረች።

በአሥረኛው ቀን አቶ ልሳኑ ደወሉ።

«ተቆጥተናል፤ እሱን አልደብቅዎትም» ብለው ጀመሩ። «ግን ነገሩን ስናየው ፈተናው አልወደቀም። አረፎ ሌላ ሰው ሲጫነው ሃያ ዓመት እንደሚቆይ አሳይተውናል። ስለዚህ መርከቧ ላይ ማንም ብቻውን እንዳይታጠብ ደንብ ይውጣ ተባለ። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ አንድ መሐንዲስ ተነሥቶ፣ ‹የብረት እጅ አይሰለቸውም፣ አይቀየምም። ሰው ለሰው ሃያ ዓመት ያስታጥባል ወይ?› ብሎ ጠየቀ። መልስ ያለው ሰው ጠፋ።»

ትብለጥ ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

«ይሄ ራሱ ሊፈተን ነው» አሉ። «አሁን ለሁለት ሰው የሚበቃ አየር አግኝተናል። ፈቃድዎ ከሆነ እዚያው ይቆዩና ሁለተኛ ሰው እንላክልዎ። ሥራውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሁለተኛ ሰው! ይህን ቃል ከአሥር ዓመት በፊት ብትሰማው ኖሮ በደስታ ትጮህ ነበር። አሁን ግን ወደ አእምሮዋ የመጣው የእትዬ አስካለ መልእክት ነው።

«እህት አለችኝ» አለች በመጨረሻ። «ወረታ ናት፤ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እዚያው እኛን ፈትኑን።»

«ስልሳ ስምንት? ሃያ ዓመት ይዘልቃሉ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። እናንተ የምንልከውን ሪፖርት ብቻ ተቀበሉ።»

ፈቃዱ ሲመጣ ሰባት ቁጥርን ገጥማ፣ በጉያዋ ይዛ ተመለሰች። የምድር ክብደት ጉልበቷን ሰበረው፤ ወረታ የገባችው በሁለት ሰው ተደግፋ ነው። ምሳ ሲቀርብ እትዬ አስካለ አረፎውን አነሣች። ትብለጥ «ኧረ እትዬ፣ ነውር ነው፤ ታናሽሽ እያለሁ!» ብትል፣ «ዛሬ እንግዳ ነሽ፣ ዝም በይ!» ተባለች። እጇን ዘረጋች። አረፋው ዘገየ፤ እህቷ ስትጫን ጣቷ የትብለጥን አንጓ ነካ። ትብለጥ እጇን ሰበሰበች።

«ምነው ደነገጥሽ?»

«ይሞቃል» አለች። «እጅሽ ይሞቃል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ልሳኑ የመጀመሪያው ሪፖርት ደረሳቸው። በትብለጥ ደቃቅ ጽሕፈት የተጻፈ ነው፦

«አንደኛ ቀን፤ ሦስት ጊዜ ታጥበናል። አራተኛ ቀን፤ እህቴ ረስታ ብቻዋን ታጠበች፤ አስታወስኳት። ስምንተኛ ቀን፤ ‹በጎን አትጫኚ፣ ቀጥ አድርጊው› አልኳት። ደጋግሜ ሳልላት አልቀርም። ‹እኔ የብረት እጅ አይደለሁም!› ብላ አረፎውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዘጠነኛ ቀን፤ አልተነጋገርንም፤ እሷም ብቻዋን፣ እኔም ብቻዬን ታጥበን በየክፍላችን በላን። አሥረኛ ቀን፤ ለቁርስ ስወጣ መዳፏን በፎጣ አድርቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አረፎውን ይዛ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ተጫነችው። በጎን ነበር፤ ምንም አልተናገርኩም። ‹በቃኝ፣ ኑሪልኝ› አልኳት። ‹በቃኝ አይባልም፣ ገና መች ጠዳ› ብላ ደገመችልኝ።

ዕቃው ደኅና ነው። እኛ በዘጠነኛው ቀን ተሰብረን ነበር፤ በአሥረኛው ተጠግነናል። እባካችሁ ይህን እንደ ብልሽት አትቁጠሩብን።»