ውዳሴ እና የእንግዳው ፎጣ

ከሁሉ አስቀድሞ ታላቅ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለልጆች የሚተረከው ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ነው፤ ይህ ግን ስለ ፎጣ ነው።

አንበሳ ልናስገባበት ሞክረን ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ጠበበው።

ውዳሴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ ብርዱ ጠዋት ይመጣል፤ ማታም አይሄድም።

ውዳሴ ገላዋን መታጠብ ትወዳለች። ውሃው ሙቅ ነው፤ አረፋው ብዙ ነው።

ከውሃው መውጣት ግን አትወድም። ፎጣው ቀዝቃዛ ነው። ጥርሷ «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!» ይላል።

«እማዬ፣ ፎጣው ነከሰኝ» ትላለች።

«ፎጣ ጥርስ የለውም» ትላለች እናቷ ሰናይት።

«ብርዱ ግን አለው።»

አንድ ቅዳሜ አባቷ ጌትነት ረጅም ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ከካርቶኑ ውስጥ ትንሽ የብረት መሰላል ወጣ።

«ፎጣ ማሞቂያ ነው» አለ። «ሲበራ ብረቱ ይሞቃል። ብረቱ ሲሞቅ ፎጣው ይሞቃል።»

«ፎጣው ሲሞቅስ?»

«ውዳሴ ትሞቃለች።»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሽ ሞላ መጡ። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ትክ ብለው አዩት። ግድግዳውም ዝም ብሎ አያቸው።

ግድግዳውን በሱት። «ድርርርር!» ውዳሴ ጆሮዋን ያዘች።

ብሎኑን አጠበቁ። «ጢቅ! ጢቅ! ጢቅ!» ውዳሴ ጆሮዋን ለቀቀች።

ውሃ ልካቸውን መሰላሉ ላይ አስቀመጡ። በውስጡ ያለችው ትንሽ አረፋ ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ሄደች፣ መሐል ላይ ቆመች።

«አልተንጋደደም» አሉ። «ሽቦውንም ከውሃ አርቄዋለሁ። ማብሪያውን የሚነካው ትልቅ ሰው ብቻ ነው፤ ሰማሽ የኔ ልጅ?»

«እሺ። ፎጣውንስ?»

«ፎጣውማ ያንቺ ነው።»

ጋሽ ሞላ የዚያን ቤት ደንብ አያውቁም ነበር።

እናቷ ከቁም ሳጥን አዲስ ነጭ ፎጣ አወጣች። መሰላሉ ላይ ሰቀለችው። ከላዩም ራሷ የሠራችውን ዳንቴል ጣል አደረገችበት።

ውዳሴ ቆይታ በአንድ ጣቷ ነካችው። ከዳቦ ቤት አሁን እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል።

«ኧረ ተይ» አለች እናቷ። «የእንግዳ ነው።»

በዚያ ቤት ጥሩ ነገር ሁሉ የእንግዳ ነው። ባለ አበባው ብርጭቆ የእንግዳ ነው። ለስላሳው ወንበር የእንግዳ ነው። የቤቱ ሰዎች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተመስገን ይላሉ።

ማታ ውዳሴ ታጠበች። በአሮጌው ፎጣ ተጠቀለለች። «ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ!»

ነጩ ፎጣ ተሰቅሎ ይሞቃል። ማንም አይነካውም።

«እማዬ፣ እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?»

«እግዚአብሔር ሲያመጣው።»

እሑድ እግዚአብሔር አጎቷን ባህሩን አመጣው። አጎቷ ምሳ በላና እጁን ሊታጠብ ገባ። ውዳሴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

እጁ «ጠብ! ጠብ! ጠብ!» እያለ ወጣ። ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ምነው ባህሩ፣ ፎጣ አላየህም?» አለች እናቷ።

«ኧረ አይቻለሁ» አለ አጎቷ። «የእንግዳ መስሎኝ ነው ያልነካሁት።»

በሌላ ቀን ከጎረቤት እትዬ ወርቅነሽ መጡ። እሳቸውም ታጠቡና እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ።

«ያን የመሰለ ነጭ ፎጣ እኔ አላቆሽሽም» አሉ። «የእንግዳ ነው።»

ውዳሴ አሰበች። የቤት ሰው አይነካውም። እንግዳም አይነካውም። ፎጣው ግን ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ይሞቃል።

በጣም አሰበች። ከዚያ ጫማዋን አደረገች። የአባቷን ኮፍያ ደፋች። በጓሮ በር ወጥታ ቤቱን ዞረች።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

«ማነው?» አለች እናቷ።

«እንግዳ ነኝ።»

እናቷ በሩን ከፈተች። ማንም የለም። ወደ ታች ስታይ ኮፍያ አየች።

አባቷ አልሳቀም። ከበርጩማው ተነሳ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ከየት መጡ?»

«ከጓሮ።»

«ሩቅ ነው። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ዶሮ አለበት። ብርድም አለ።»

ለስላሳው ወንበር ላይ አስቀመጧት። በባለ አበባው ብርጭቆ ወተት ሰጧት።

«ሌላስ ምን እናድርግልዎ?» አለች እናቷ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

«ገላዬን ብታጠብ» አለች እንግዳዋ። «ከዚያ ደግሞ ብደርቅ።»

እናቷ ፎጣውን አሰበችው። ንጣቱን አሰበችው።

«እንግዳችን ሳይታጠቡ ቢተኙ» አለ አባቷ፣ «ሰው ምን ይለናል?»

ይህን ሲሰሙ እናቷ ውሃ ለማሞቅ ተነሱ። እናቷን «አንቱ» አልናት፤ እሷም እንደ እንግዳዋ መከበር አማራት መሰለን።

ውሃው ሞቀ። አረፋው ተነሳ። ውዳሴ ታጠበች፤ ከውሃው ወጣች። ጥርሷ ሊጀምር ነው። «ቀ...»

እናቷ ዳንቴሉን አነሳች። ነጩን ፎጣ አወረደች።

«በዚህ ይድረቁ።»

እዚህ ላይ እንግዳ «ኧረ አይሆንም፣ ተዉት» ማለት አለበት። ወጉ ነው።

ውዳሴ ግን «እሺ» አለች።

በዚያ ቤት «እሺ» ያለ የመጀመሪያው እንግዳ እሷ ናት።

ፎጣው ከአንገቷ እስከ እግሯ ጠቀለላት። ሆዷ ሞቀ። አፍንጫዋ ሞቀ። ጥርሷ ዝም አለ።

«እማዬ፣ ንኪው።»

እናቷ በአንድ ጣቷ ነካችው። ከዚያ በጉንጯ ነካችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ውይ» አለች በቀስታ። «እንዲህ ነው እንዴ?»

«ኳ! ኳ! ኳ!»

አባቷ ውጭ ቆሟል። «እንግዳ ነኝ። እግሬን ብቻ ታጥቤ እሄዳለሁ።»

አስገቡት። እግሩን ታጠበ፤ በፎጣው ጫፍ አደረቀ። አልሄደም።

እናቷስ የት ሄደች? በወጥ ቤት የለችም። በመኝታ ቤት የለችም።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

ውዳሴ በሙቅ ፎጣዋ እንደተጠቀለለች በሩን ከፈተች።

እናቷ ናት። እጇን እያፋተገች ቆማለች። «እኔም እንግዳ ነኝ» አለች። «ከጓሮ ነው የመጣሁት። በጣም በርዶኛል።»

ውዳሴ ፎጣዋን እንደ ክንፍ ከፈተችላት።

«ይግቡ፣ ይግቡ» አለቻት። «ቤትዎ ነው።»

ከዚያም ሁሉም እንደሞቃቸው ተኙ።

እናንተም ተኙ። ይህን ታሪክ ግን እባካችሁ ለማንም አትንገሩ። በየቤቱ የእንግዳ ብርጭቆና የእንግዳ ወንበር አለ፤ ሁሉም በጓሮ ከወጣ በሩን ማን ይከፍታል?