የእኛን ሦስቱን ብቻ

«ይኸው፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ወጥቷል» አለች ሳቂታ፣ በመሃረብ የጠቀለለችውን ሳሙና ገለጥ አድርጋ እያሳየች። እንደ ልማዷ ግን አልሳቀችም።

ሦስቱ ጓደኛሞች ከቤተ ሙከራው ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሳሙናው ላይ የታተመው የምክትል ርዕሰ መምህሩ የብረት ቁም ሳጥን ቁልፍ ነው። ክፍል ውስጥ ጮኸው የተወረሱ ስልኮች ሁሉ እዚያ ታጭቀዋል፤ የሦስቱም ስልክ አብሮ አለ። ማስመለስ የሚፈልግ ተማሪ ወላጁን ይዞ መምጣት አለበት። እንግዲህ ወላጅ ከሚያመጣ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ቢነቀል የሚመርጥ ተማሪ ሞልቷል።

ሁለቱም ወደ ቁልፌ ዞሩ። ይህን ቅጽል ያወጡላት አባቷ ቁልፍ ቀራጭ ስለሆነ ነው። እሷም ከትምህርት በኋላ ሱቅ ስለምትውል ሞረድ አያያዝ አሳምራ ታውቃለች።

«የምንወስደው የራሳችንን ነው» አለች ጠበቃ። «የራስን ዕቃ መውሰድ ስርቆት የሚባለው የት አገር ነው?» ጠበቃ የሚሏት ምላሷ ጤፍ ስለሚቆላ ነው፤ ከአስተማሪ ጋር ተከራክራ ማርክ ያስጨመረች ልጅ ናት።

ቁልፌ ስልኳን አሰበች። ስልኩን የላከላት ወንድሟ ነው። ቤት ደግሞ «ጥገና ገብቷል» ብላ ዋሽታለች፤ አባቷም በተገናኙ ቁጥር «ይሄ ጠጋኝ ስልክሽን ሊያገባው አስቧል እንዴ?» ይላታል።

«ግን ነገርን ከሥሩ ነው» ቀጠለች ጠበቃ። «ሦስቱ ብቻ ቢጠፉ ማን ወሰደ ይባላል? እኛ። ስለዚህ ሁሉንም ነው መውሰድ ያለብን።»

«ሁሉንም?» አለች ቁልፌ።

«አስቢው እንጂ አቦ። ሁሉም ከጠፋ የሚጠረጠረው መላው ትምህርት ቤት ነው። ካሜራ የለም። ዘበኛው ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ብንያዝ እንኳ ልጆች ነን፣ መክረው ይለቁናል።»

«የሰውን ስልክስ ምን እናደርገዋለን?»

«እንጥለዋለን። ወይ እንሸጠዋለን፤ መጣሉ ብክነት ነው።»

ቁልፌ ራሷን ያዘች። የቱ ጋ እንደተሳሳቱ ብትፈልግ አጣችው። እያንዳንዱ ነገር ለየብቻው ልክ ይመስላል፣ ሲደመር ግን ሌብነት ሆኖ ቁጭ አለ። ሳቂታን አየቻት። ትናንት መንገድ ላይ ሁለቱ ብቻ ሳሉ «እኔስ ፈርቻለሁ፣ ቢቀር ደስ ይለኛል» ያለቻት እሷ ናት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

ሳቂታ ጠበቃን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። «እናንተ ካላችሁ እሺ።»

ቁልፌ በንዴት ጦፈች። ለየብቻ ሲሆኑ እንዲህ አይደሉም፤ ሲሰበሰቡ ግን ማሰቡን አንዷ ለሌላዋ ትተወዋለች። ጠበቃ ሳሙናውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም? ፋራ አትሁኚ። ማታውን ቅረጪውና ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንጠብቅሻለን።»

አንበሳው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

መልሱ ሁሉ የመጣላት ወደ ሱቅ ስትሄድ ነው። የሌሎቹ ልጆችስ ስልክ? ቁልፉን ማን ቀረጸው ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት አባቷን ቢሆንስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደግሞ ይህንንም ብትናገር ጠበቃ መልስ እንደማታጣ ታውቃለች፤ ይበልጥ ያንገበገባት እሱ ነው።

ሱቅ ስትደርስ አንድ ሰውዬ አባቷን ይዞ ይጨቃጨቃል። የቁልፍ ፎቶ በስልኩ እያሳየ እንዲቀረጽለት ይለምናል።

«ባለቤቱን ይዘህ ና» አለው አባቷ።

«ወንድሜ፣ እምቢ ብትል ጎረቤትህ ይሠራልኛል። ታዲያ እምቢ በማለትህ ምን ትጠቀማለህ?»

«ምንም» አለ አባቷ፤ አጎንብሶም ሞርሳው ላይ ያሰረውን ቁልፍ መሞረዱን ቀጠለ።

ሰውየው ሌላ ነገር ሊጨምር ጥቂት ቆመ። የሚከራከረው ሲያጣ እያጉረመረመ ሄደ።

ቁልፌ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ጠበቃን የሚረታ ቃል ስትፈልግ ራሷን ሲያማት ውሏል። አባቷ ሰውየውን አልረታውም፤ ሰውየው ግን ሄዷል። ሳሙናውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የታተመውን በአውራ ጣቷ ደምስሳ አጠፋችው።

«አባዬ፣ ስልኬ ጥገና አልገባም። ክፍል ውስጥ ጮኾ ተወርሶብኛል። ወላጅ አምጪ ተብያለሁ።»

አባቷ ሞረዱን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቆረ። «ይህን ሁሉ ቀን ስትዋሺኝ ነው የከረምሽው?»

«አዎ።»

የቁጣ መዓት ወረደባት። ስለ ወንድሟ ልፋት፣ በእሷ ምክንያት ነገ ስለሚዘጋው ሱቅ፣ እስከ ዛሬ ስላመናት ስለ ራሱ ሞኝነት ተናገረ። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። አለቀሰችም፤ ለመከራከር ግን አልሞከረችም።

«ነገ ተማሪው ክፍል ከገባ በኋላ እንሄዳለን» አለ በመጨረሻ፣ አሁንም እንደተኮሳተረ። «ጓደኞችሽ አይተው እንዳይስቁብሽ።»

ቁልፌ ዓይኗን ጠረገች። ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚጠብቋት ሁለቱ ታወሷት። ጠበቃ ምን እንደምትል ከአሁኑ ሰምታዋለች። ሳቂታ ምን እንደምትል ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

«አይ አባዬ» አለች፤ «ሁሉም በር ላይ እያሉ እንሂድ፤ ይዩን።»