ፌስታል የለበሰው ሞተር

ለውድድር ከሠሯት ትንሽ መኪና ሆድ ጭስ ሲወጣ ሮዳስ ሪሞቱን ጥላ ሮጠች። ባትሪውን እስክትነቅል ሞተሩ ተቃጥሎ ሽታው የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሞልቶታል። ለክፍለ ከተማው የሳይንስ ውድድር የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

የሳይንስ ክበቡ ኃላፊ መምህር ተስፋሚካኤል ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁ፣ መኪናዋን አብሯት የሠራው ቢራ ቀድሞ አፉን ከፈተ። ሮዳስ ማራገቢያውን ገልብጣ ስለገጠመችው ነው፣ ሞተሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት ነፋስ ወደ ውጭ ይወጣል አለ። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅዳሜ የሚነዳው ቢራ ነው፣ አንቺ ፖስተሩን ትይዣለሽ ብለዋት ወደ ስታፍ ሄዱ።

ፖስተር! ያንን ማራገቢያ አቃቂ ካለ የጥገና ቤት ከለመነችው አሮጌ ኮምፒውተር ፈትታ፣ ለሞተሩ እስኪስማማ ሦስት ሳምንት የታገለችው እሷ ናት። ቢራ ያን ሁሉ ጊዜ መኪናዋን ቀይ ሲቀባ ነበር። እንባዋ መጣ፤ ማልቀሷም ሌላ ንዴት ሆነባት።

ላብራቶሪ ገብታ የመኪናዋን ክዳን ፈታች። ማራገቢያው እሷ እንደገጠመችው ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ተቀምጧል። ክንፎቹ ላይ ግን ሰማያዊ ፌስታል ቀልጦ ተጣብቋል፤ ሞተሩም ዙሪያውን በዚያው ተጠቅልሏል። ማን እንዳደረገው ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። እነቢራ ቤት የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል፣ ዲኮደሩ በፌስታል፣ ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። ሪሞቱን ከፌስታሉ ያወጣ ልጅ ከእናቱ ከወይዘሮ ዳሲቱ እጅ አያመልጥም።

ቀና ስትል ቢራ በሩ ላይ ቆሟል።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለ። «ኮብልስቶን ሊያነጥፉ መንገዱን ቆፍረውት ግቢው ሁሉ አቧራ ሆኗል እኮ።»

«ሞተር እኮ ይሞቃል። ጭራሽ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለህ?»

«አላወቅኩማ። ከክበቡ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ፈራሁ። በናትሽ ሮዲ፣ ቅዳሜ እስኪያልፍ ቻይው። ሌላ ሞተር አለን፣ አንቺ በግማሽ ሰዓት ትቀይሪዋለሽ።»

የፌስታሉ ነገር ብቻ ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ለመኪናዋ አስቦ እንዳደረገው ይገባታል። ያንገበገባት ሌላ ነው፤ የክበቡ ልጆች ሁሉ እያዩዋት ጥፋቱን አንስቶ እሷ ላይ መለጠፉ። አሁን ደግሞ መኪናዋን ጠግና፣ ውሸቱን ችላ፣ ቅዳሜ ፖስተር ይዛ እንድትቆምለት ይለምናታል። እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

«ሞተሩን እቀይረዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ሄደህ እውነቱን ንገራቸው።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ዛሬ።»

ቢራ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር።  ሮዳስ መፍቻውን አስቀምጣ፣ መኪናዋን እንደተከፈተች አቅፋ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ይከተላት እንደሆነ ዞራ አላየችም።

መምህር ተስፋሚካኤል ስታፍ ውስጥ ደብተር እያረሙ ነበር። መኪናዋን ፊታቸው አስቀምጣ በፌስታል የተጠቀለለውን ሞተር በጣቷ አሳየቻቸው።

«ቲቸር፣ ቅድም እኔን አልጠየቁኝም» አለች።