አዎ እስኪልህ ድረስ

ዱሬቲ ጂብሪልን የተዋወቀችው በድንጋይ ፈንክታው ነው።

ፍቅር በአበባ ይጀመራል የሚል ሰው ካለ፣ ያን ዓመት አዳማ አልነበረም ማለት ነው። የኮሌጁ ተማሪ ለሁለት ተከፍሎ፣ የካፌው ወንበር እግሩ እየተነቀለ ዱላ ሆኖ፣ የላይብረሪው መስታወት እንደ በረዶ ይረግፍ ነበር። ሰው ሁሉ ድንጋይ ይለቅማል፤ ዱሬቲም ለቀመች። የሁሩታ ልጅ ናት፣ እልኸኛ፤ ክንዷ ደግሞ አይስትም። አንድ ረዥም ልጅ መሃል ገብቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ተዉ! ኧረ በአላህ ተዉ!» እያለ ሲጮህ አየችው። ከዚያኛው ወገን መሰላት። ወረወረች። ቅንድቡ ተከፈተና ደሙ ሸሚዙን አጠበው።

ልጁ አልወደቀም። በአንድ ዓይኑ እያየ ቀጥ ብሎ መጣና ፊቷ ቆመ።

«ምን አደረግኩሽ?» አላት። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ፤ የምሩን ነው የጠየቃት።

ዱሬቲ በእጇ የቀረውን ድንጋይ ጣለች። እዚያው ላይ ነው ያለቀላት፤ ያወቀችው ግን ቆይታ ነው።

በዚህ መሃል ዶክተር ዘርፉ ደረሱ። የፖለቲካ ሳይንስ መምህርት ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረዥም። አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እያነከሱ፣ ሁለቱንም በአንገትጌ እየጎተቱ ቢሯቸው አስገቡና በሩን ቆለፉ። ውጭ ዱላ አጥንት ሲያገኝ ይሰማል። ነጠላቸውን አወለቁና ለዱሬቲ ወረወሩላት።

«ያፈሰስሽውን አንቺው ያዢ» አሏት።

ዱሬቲ ነጠላውን አጣጥፋ ቁስሉ ላይ ተጫነች። የልጁ ትንፋሽ አንጓዋ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ሴትዮዋ ያችን የታወቁባትን ደንብ አመጡ። በዶክተር ዘርፉ ክፍል ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን መናገር ነበረበት፤ ያውም ባላጋራው ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ።

«በል» አሉት ጂብሪልን። «ለምን እንደወረወረችብህ ተናገር።»

«ፈርታ ነው።»

«አይደለም!» አለች ዱሬቲ።

«እሺ፣ ተናዳ።»

«አይደለም አልኩ!»

እስኪመሽ ሞከረ። አዎ አላለችውም። አንደኛ እልኸኛ ናት፤ ሁለተኛ ደግሞ ልጁ መሞከሩን እንዲተው አልፈለገችም። ዶክተር ዘርፉ መነጽራቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ይህች አዎ ትቆየን» አሉ።

ቆየች። ሁለቱም እሳቸው እግር ሥር አደጉ። ሴትዮዋ ማሳደግ ሲያውቁበት! ጽሑፋቸውን በቀይ እስክሪብቶ አርደው ይመልሱላቸዋል፣ ያስለቅሷቸዋል፣ ከዚያ ምሳ ይጋብዟቸዋል። ተመርቀው እዚያው መምህራን ሆኑ። ቀን ቢሮ ውስጥ በሐሳብ ሲተላለቁ ይውላሉ፤ አመሻሽ ላይ ነፋሱ አቧራውን ሲያስነሳ በፍራንኮ ሰፈር በኩል ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው። እሱ ሲያፍር የቅንድቡን ጠባሳ ያሻል። እሷ ያንን ጠባሳ ካየች ዓይኗን አትነቅልም። «ሳይደግስ አይጣላም» ይሏቸው ነበር ጓደኞቻቸው። ሽማግሌ የሚላክበት ወር ሁሉ ተቆርጦ ነበር።

ምን ያደርጋል! የጂብሪል ታላቅ ወንድም ካሚል የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሌሊት ወደ አሰላ ሲበር፣ ዴራን አለፍ እንዳለ የዱሬቲን ታናሽ ወንድም አብዱናሲርን ከነሞተር ሳይክሉ ገጨው። አልቆመም። ልጁ የተገኘው ሲነጋ ነው፤ ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ጥፍሩ ውስጥ አፈር ነበር፤ ወደ አስፋልቱ ሲሳብ ቆይቷል። ካሚል ተይዞ ታሰረ። የዱሬቲ ታላቅ ወንድም ጀቤሳ ግን መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ «ወላሂ፣ ከዚያ ቤት አንድ ወንድ ሳልጥል እንቅልፍ አይወስደኝም!» ብሎ ማለ።

ጂብሪልስ? ጂብሪል የተማረ ሰው የሚሠራትን ስህተት ሠራ። ጠበቃ ጠየቀ። ጠበቃው፣ «ፍርድ ሳይሰጥ ለቅሶ ከሄዳችሁ ጥፋቱን እንዳመናችሁ ይቆጠራል» አለው። ሕግና ሥርዓት ለሚያስተምር ሰው ነገሩ አሳማኝ ነበር። ለዱሬቲ ስልክ ደውሎ አጽናናትና ቀረ። የእኛ ሰው ደም ሲፈስ ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ ደጅ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደወለ።

ከዚያ ወዲያ ዱሬቲ ኮሪደር ላይ ስታገኘው ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ታልፋለች። ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። እንደምትወደው ታውቃለች፤ መውደዷን ደግሞ ትጠላዋለች።

ዘንድሮ ዶክተር ዘርፉ ጡረታ ሊወጡ ሆነና የሙያ ማኅበራቸው ትልቅ የክብር ዝግጅት አሰናዳላቸው። ካባውን ማን ይደርብልዎ ሲባሉ አላመነቱም።

«ዱሬቲ በቀኝ፣ ጂብሪል በግራ። አለበለዚያ ካባችሁን ለራሳችሁ ልበሱት።»

ዱሬቲ ቢሯቸው ድረስ ሮጠች። «ዶክተር፣ እባክዎ! ጀቤሳ ከሰማ ይገድለዋል።»

«አንቺስ? በየቀኑ ኮሪደር ላይ አይደለም እንዴ የምትገድዪው?»

«እኔ ሌላ፣ ካራ ሌላ!»

«ዕድሜዬን በሙሉ ሰዎች ፊት ለፊት ተያዩ ስል ኖሬ፣ የገዛ ልጆቼ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ክብር ልቀበል?» ድምፃቸው ተሰበረ። ሲሰበር ሰምታ አታውቅም፤ እምቢ ማለት አቃታት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዳራሹ ጢም አለ። እርስ በርስ ሰላም የማይባባሉ ሹማምንት፣ ሁሉም የሳቸው ተማሪዎች የነበሩ፣ በአንድ ረድፍ ተኮልኩለው ያልባቸዋል። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ዶክተር ዘርፉ ወደ ዱሬቲ ጎንበስ ብለው፣ «ሳልሞት መስማቴ በጀኝ» አሏት። ከዚያ ተነሡ። ጭብጨባው ቀለጠ። ዱሬቲና ጂብሪል ካባውን ዘርግተው ከኋላቸው ቀረቡ። አንገታቸው ሥር ጣቶቻቸው ተገናኙ፤ ከአብዱናሲር ሞት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ጂብሪል ጣቱን አላነሳም። እሷም አላነሳችም።

በሩ ተበረገደ።

ዘበኛው አፍንጫው ደም እየተፋ ወደ ውስጥ ተወረወረ፤ ከኋላው ጀቤሳ፣ የበሬ ማረጃ ካራ በእጁ። አዳራሹ ጩኸት በጩኸት ሆነ። ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው በሰው ላይ ወጣ። ስለ ግጭት አፈታት ሲጽፉ የኖሩት ሁሉ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። አንድ ወጣት መምህር ሊይዘው ቢሞክር ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ሰነጠቀውና አለፈ። መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ። ጂብሪልን አንቆ በጀርባው አትሮኖሱ ላይ አጋደመውና ካራውን ጉሮሮው ላይ አደረገ።

ዱሬቲ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። «ጀቤሳ! ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ፣ ተው!»

«ዞር በይ! ወንድምሽ አፈር ለብሶ አንቺ ከነዚህ ጋር መድረክ ላይ ትሞሸሪያለሽ?» ወረወራት። ከንፈሯ በአትሮኖሱ ጠርዝ ተተረተረ፤ አፏ በደም ሞላ።

«ጀቤሳ፣ ስማኝ፣ እኔ ምንም...» አለ ጂብሪል።

ካራው ግራ ትከሻው ውስጥ ገባ። ጂብሪል አጓራ። ካራው ተመዘዘና ተመልሶ ጉሮሮው ላይ አረፈ።

ይኸኔ ነው ዶክተር ዘርፉ፣ ካባው በአንድ ትከሻቸው ተንጠልጥሎ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳሉ የጮኹት። «ጂብሪል! የራስህን አትናገር! መጀመሪያ የሱን!»

ጀቤሳ ገልመጥ አደረጋቸው። «ምን ይላሉ እኚህ ሴትዮ?»

«የአንተን ነገር ይናገራል። ልክ ካልሆነ አይደለም በለው» አሉት። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። «የሚነገርልህ ሰው አጥተህ አይደል የመጣኸው?»

ጀቤሳ ጂብሪልን አንቆ እንደያዘ ነው። ካራውንም አላነሳም። ዱሬቲ እንደዚያች ቅጽበት ሴትዮዋን የጠላችበት ጊዜ የለም። ካራ ፊት ምን የሚሉት ትምህርት ነው!

«ወንድሜ ወንድምህን ገደለው» አለ ጂብሪል እያቃሰተ።

«አይደለም!» በካራው እጀታ አፉን መታው፤ ጥርሱ ወለቀ።

«ገጭቶት... አመለጠ።»

«አይደለም! ይህንንማ ዳኛውም ብሎታል!» ስለቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ደም ወደ አንገትጌው ወረደ።

ዱሬቲ መልሱን ታውቃለች። ጀቤሳ ከእንቅልፉ እየባነነ የሚጮኸውን ሰምታለች። ልትናገርለት አፏን ስትከፍት ደሙ አነቃት። ጂብሪል ካራውን ትቶ እሷን አየ፤ ያን ጊዜ፣ ቅንድቡ ተከፍቶ ፊቷ እንደቆመ ባያት አስተያየት። አሁን ግን የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። ገብቶታል።

«ልጁ እስኪነጋ በሕይወት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር። እየተሳበ መንገድ መንገዱን ሲያይ አደረ። ማንም አልመጣለትም።»

ጀቤሳ ያነቀበትን እጁን ላላ አደረገ። «ቀጥል።»

«ከሞተም በኋላ አልመጣንም። ካሚል ታስሯል፤ እኔ ግን እግር ነበረኝ። እናንተ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትጠብቁ፣ ከቤታችን አንድ ሰው ብቅ አላለም። ልጁን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ጥለነው ሄድን።»

ጠረጴዛ ሥር ያሉት ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«አዎ» አለ ጀቤሳ። ቃል አይመስልም፤ ከሆዱ የወጣ ጩኸት ነበር። «አዎ! አዎ!» ካራውን ሽቅብ አነሳ። ዱሬቲ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ካራው አትሮኖሱ ላይ ተሰክቶ ይንቀጠቀጣል፤ ወንድሟ ተንበርክኮ ይነፈርቃል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የዓመቱን አለቀሰ።

ዶክተር ዘርፉ ያን በወርቅማ ክር የተጠለፈ ካባ ከትከሻቸው ላይ ገፈው ወረወሩለት።

«ያፈሰስከውን አንተው ያዝ» አሉት።

ያዘ። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ካባውን በሁለት እጁ የጂብሪል ትከሻ ላይ ተጭኖ ቆየ። ሲወስዱት ከበሩ ዞር ብሎ፣ «ለኔ ሳይሆን ለእናቴ ና» አለው። ሌላ ነገር አልተናገረም።

በማግስቱ ዶክተር ዘርፉ ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል መጡ። ያደሩት ሳይተኙ እንደሆነ ያስታውቃል። ማኅበሩ ሌላ ካባ እናሠራልዎ ቢላቸው፣ «የኔን ለብሼዋለሁ» ብለው መመለሳቸውን ነገሯቸው። ዱሬቲን እጇን ያዟት።

«ልክ ነበርሽ፣ ልጄ። ላስገድለው ነበር።»

ከዚያ ወደ ጂብሪል ዞሩ። «ሁለቴ ተሳስተሃል፤ ውጤት እቀንስብሃለሁ» አሉት። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ብርቱካኑን አስቀምጠው ቶሎ ወጡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። እሷ ከንፈሯ ተሰፍቷል፤ እሱ የፊት ጥርሱ የለም። ሲናገሩ ሁለቱም ይኮላተፋሉ።

«ያንቺን ልናገር?» አላት።

«በዚህ አፍህ?»

«በዚህ አፌ።»

ወንበሯን ወደ አልጋው ሳብ አደረገች። ውጭ ነፋሱ ዘንባባውን ያንገላታዋል።

«ስደውልልሽ እንደ ጠበቃ ነው ያናገርኩሽ።»

«አይደለም።»

«የምታለቅሺበት ትከሻ አሳጣሁሽ።»

«አይደለም። እሱ ቀላሉ ነው።»

ጠባሳውን ሊያሽ እጁን አነሳ፤ ትከሻው አልፈቀደለትም፤ መልሶ ጣለው። ረዥም ጊዜ አያት። እሷም ግድግዳውን አላየችም።

«ለወንድምሽ ለቅሶ ተቀምጠሽ፣ በሩን በሩን ታዪ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሰው በገባ ቁጥር እኔ እመስልሻለሁ። እሱ ተቀብሮ ሳይውል ሳያድር አንቺ እኔን ትጠብቂ ነበር። ይቅር ያላልሽው እኔን ብቻ አይደለም። ራስሽንም ነው።»

ዱሬቲ ፊቷን አንሶላው ላይ ደፋች። ስፌቱ እስኪያማት ድረስ አለቀሰች። እሱ በደህና እጁ ፀጉሯን እየዳበሰ ጠበቀ።

«አዎ» አለች።

«አሁን የራሴን ልናገር?»

«አይቻልም። መጀመሪያ ሁሩታ፣ እናቴ ደጅ። ድንጋይ ተሸክመህ።»

«እሺ። በአንድ ትከሻም ቢሆን እሸከማለሁ።»

ቀና አለችና ጣቷን ቅንድቡ ላይ አደረገች፤ ያንን የገዛ እጇን ሥራ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው።

«ድንጋዩን የምመርጥልህ እኔ ነኝ» አለችው። «ከባድ ነው የምመርጠው፣ ጂብሪል። በቁስሉ በኩል ግን እኔ እይዝልሃለሁ።»