አልተነቃነቅሁም

«የዚችኛዋ ተቆራርጧል» አለ ብርጭቆ።

ሚጢ ወደ ማሽኑ ብረት አይገባም ተብላ ያወለቀችውን የጆሮ ጌጥ መልሳ እያደረገች ነበር። አንዱን አጥልቃለች፤ ሁለተኛው እጇ ላይ ቀረ። ገርበብ ባለው በር በኩል ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ይታያል፤ ጭምድድ ያለ፣ ታጥቦ ሳይተኮስ የተረሳ ሸሚዝ የመሰለ። የእሷ አንጎል ነው።

ብርጭቆ የአክስቷ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የመነጽሩ ውፍረት ነው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ለጥናት በኤምአርአይ ማሽን የተነሳ የጤነኛ ሰው አንጎል እያዩ የላዩን እጥፋት በየዓይነቱ ይለያሉ፤ የዛሬዋ ጤነኛ ሚጢ ናት። እንዳይኮራረጁ በጠረጴዛቸው መካከል ካርቶን ተገትሯል። መጀመሪያ ለየብቻ ይወስናሉ፣ ከዚያ ካርቶኑን አንስተው ይጣላሉ።

«የምን መቆራረጥ? እኔ ወጥ ነው ብያለሁ» አለች አክስቷ።

«ዓይንሽን ተመርመሪ። ይኸው እዚህ ጋ ቆሟል፣ እዚያ ጋ እንደገና ጀምሯል።»

«ይሄ ባለ አራት ዓይን ነው ተመርመሪ የሚለኝ!»

ሚጢ እጇ ላይ የቀረውን ጌጥ ጨበጠች። ተቆራርጧል። ለካ የሒሳብ አስተማሪዋ «አንቺ ልጅ፣ ግማሽ ድረስ ይገባሽና ይቋረጣል» ያሉት ወደው አይደለም! ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። ልትደገፍ ስትል በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና ሁለቱም ዞሩ።

«አክስቴ... እሞታለሁ እንዴ?»

ብርጭቆ ሊስቅ ሲል አክስቷ በክርኗ ጎሸመችው።

«ነይ ወዲህ፣ የኔ ሞኝ። በእጥፋቶቹ መሃል የሚሄደው ቦይ ይታይሻል? እንደ መልክ ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ላይ ወጥ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ይቆራረጣል። በሽታ አይደለም። የብርጭቆ ራሱ የተቆራረጠ ነው።»

«ታዲያ ጋሽ ብርጭቆን አሳይተሽ ነው የምታጽናኚኝ?»

«ምላሷስ ወጥ ነው» አለ ብርጭቆ። ከዚያ ምስሉን አጉልቶ አፈጠጠበት። «ግን ይቺ ብዥታ አላማረችኝም፤ ሰው ሲነቃነቅ ወጡም የተቆራረጠ ይመስላል። ማሽኑ ውስጥ ተነቃንቀሽ ነበር?»

ሚጢ ዓይኗን ከምስሉ ላይ አነሳች። ስትወጣ ተጠይቃ «አልተነቃነቅሁም» ብላለች። ውሸቷን ነው። ያ ጠባብ ዋሻ፣ ፊቷ ላይ የተገጠመው ፍርግርግ፣ ጆሮዋ ሥር ቆርቆሮ የሚደበድብ የሚመስለው ጩኸት! ሰውነቷ እንደ ቅጠል ተንቀጥቅጧል። እውነቱን ከተናገረች ተመልሳ መግባት ሊኖርባት ነው። ገብታስ የምር ተቆራርጦ ቢገኝ? ዝም ካለች ደግሞ አንጎሏ ባልሆነው ስም ሲጠራ ሊኖር ነው።

«አልተነቃነቀችም» አለች አክስቷ ኮራ ብላ። «አልተነቃነቅሁም ካለች አልተነቃነቀችም። እኔ ነኝ ያሳደግኋት።»

ብርጭቆ ትከሻውን ሰብቆ ካርቶኑን ወደ ቦታው ሊመልስ አነሳ።

ከኮሪደሩ ማዶ ማሽኑ ባዶውን ቱክ ቱክ ይላል። ሚጢ ወደዚያ አየች። እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች። ጌጡ በላብ እያዳለጠ አስቸገራት፤ እንደ ምንም አወለቀችው። ጭብጧ ውስጥ ከነበረው ጋር አድርጋ አክስቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን አጠፈችላት።

«ስገባ እግሬን ግን ያዢልኝ» አለች።