ድመቱና ግንቡ

አናጢው በአዳራሹ በር ብቅ ሲሉ ፉጨት የሚሏት ልጅ ቶሎ ወደ አያቷ ዞረች። አያቷ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከዳይሬክተሩ ጋር ይሳሳቃሉ። አናጢውን ገና አላዩም።

«ይኸው መጡልሽ!» አለ የአናጢው የልጅ ልጅ ሚስማር፣ አያቱን እየመራ። ፊቱ በደስታ በርቷል። ምንም አያውቅም።

ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ እሷን ፉጨት፣ ክስት ያለ ስለሆነ እሱን ሚስማር ይሏቸዋል። በዚያች ከተማ ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም። የፉጨት አያት በከተማዋ የመጀመሪያ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ስለነበሩ ዛሬም «ድመቱ» ናቸው። የሚስማር አያት፣ አናጢው፣ ተከላካይ ስለነበሩ «ግንቡ» ናቸው። ከዚያ ቡድን በሕይወት የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም።

ጠባቸው ከአንዲት ቃል የመጣ ነው። የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል ኳሷ ከላይ ስትወርድ ድመቱ ከጎል ወጥተው ጮኹ። እሳቸው እንደሚሉት «የኔ!» ነው ያሉት። ግንቡ ደግሞ «ያንተ!» ሲሉ ሰምቻለሁ ባይ ናቸው። ስለዚህ በቴስታ መቷት፤ ኳሷም ቀጥ ብላ የገዛ ጎላቸው ውስጥ ገባች። ዋንጫው ለጎረቤት ከተማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ቤት እንኳ አንዱ ተስተካክሎ እስኪወጣ ሌላው ውጭ ፀሐይ ላይ ይቆማል።

ትምህርት ቤቱ የቡድኑን ትዝታ ለማሰማት ዝግጅት ሲያደርግ ማይክራፎን ይዛ እንድትጠይቅ የተመረጠችው ፉጨት ናት። ሁለቱም ሽማግሌዎች ግን «እሱ ካለ እኔ የለሁም» አሉ። ስለዚህ ዋሸች። ለአያቷ «ጋሼ ግንቡ አሟቸዋል፣ አይመጡም» አለቻቸው። ለሚስማር ደግሞ «አያቴ እህታቸው ጋ ሄደዋል፣ አይመጡም፤ ለአያትህ ንገርልኝ» አለችው። እሱም አምኗት ነገረ። አንዴ ከገቡ፣ ሰው እያየ ተነስተው አይወጡም ብላ ነበር።

የግንቡ ዓይን የፊት ረድፍ ላይ አረፈ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ። ጮክ ብለው አልተናገሩም፤ ከፊት የተቀመጡት ግን ሰሙ።

ድመቱ ዞሩ። ኮፍያቸው ከጉልበታቸው ወደቀ።

ግንቡ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ጨምድደው ያዙ። «የለም አላልከኝም? ሄዷል አላልከኝም?»

«አባባ፣ እኔ...» ሚስማር ወደ ፉጨት ዞረ። ጣቱን ይቀስራል ብላ ጠበቀች። አልቀሰረም። አፍጥጦ ተመለከታት፣ ገባው፣ ከንፈሩን ነከሰ።

«በሽምግልናዬ መሳቂያ ልታደርገኝ? ከእንግዲህ ወርክሾፔ ድርሽ እንዳትል!»

የሚስማር ፊት አመድ መሰለ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደዚያ ወርክሾፕ ነው፤ በገዛ እጁ በርጩማ መሥራት ጀምሮ ነበር።

«አይ አባቴ፣ ልጅ አይደል? ይቀመጡ» አሉ ዳይሬክተሩ። ፉጨት አፏን ልትከፍት ስትል ከጎኗ የነበረችው የክፍሏ ልጅ ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት። «በናትሽ ዝም በይ። አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

እውነትም ማንም አልጠየቃትም። ዝም ብትል ነገሩ በሚስማር ላይ ተላክኮ ያልፋል።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለች። ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን ረስታለች፤ ቀጭን ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፣ ድምፅ ማጉያውም ሲጥ አለ። «ሚስማር አያውቅም። እሱንም ዋሽቼዋለሁ።»

አያቷ ቀስ ብለው ተነሱ። «አሞታል ያልሽኝ... በሰው ጤና ይቀለዳል? ነይ፣ ወደ ቤት!»

«ልጅቷን በሰው ፊት አታዋርዳት» አሉ ግንቡ።

ዕድሜ ልክ የተዘጋ አፍ መከፈቱ ነበር።

«አንተ የራስህን ስታዋርድ ማን ተናገረህ?» አሉ ድመቱ።

«ለካ ጆሮህ ይሰማል!»

«‹የኔ› ስልህ ያልሰማው የማን ጆሮ ነው?»

«‹ያንተ› ነው ያልከው!»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ዝግጅቱን የሚመሩት መምህር ቀልጠፍ ብለው ወንበር አቀረቡ። ግንቡ ተቀመጡ፤ «እግሬን ስላመመኝ ነው» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከዚያም ወደ ድመቱ ሳያዩ፣ «ብቻ ለልጆቹ ሜዳው ሣር ነበር ብለህ እንዳትዋሽ» አሉ።

«ድንጋይ ነበር እንጂ! ጉልበቴ ምስክር ነው። የጎሉን እንጨት ከጨዋታ በኋላ ተሸክመን ወደ ቤት እንወስደው አልነበር?»

«ለማገዶ እንዳይሰረቅ። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ያውም ጠማማ አድርገህ! ኳሷስ? ጫማ ሰፊው ከአሮጌ ቦርሳ የሰፋት፣ ዝናብ ሲመታት እንደ ወፍጮ ድንጋይ የምትከብደው?»

«እሷን በቴስታ ስመታ ነው ራሴ የተመለጠው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፉጨት ግን ዞር ስትል የሚስማር ወንበር ባዶ ነበር።

«ጠይቂያቸው እንጂ!» አሉ መምህሩ በእጃቸው እየጠቀሱ። በመስታወት ፊት ስትለማመድ የከረመችው ለዚህች ሰዓት ነው። ማይክራፎኑን እጃቸው ላይ አስቀምጣላቸው ወጣች።

ሚስማር ከአዳራሹ ጀርባ፣ የውኃ ቧንቧው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ሂጂ፣ እየጠበቁሽ ነው።»

«መምህር ይጠይቃቸው።»

«ለምን ፎገርሽኝ?»

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ።»

«እምቢ እልሽ ነበር።»

ከውስጥ እንደገና ሳቅ ፈነዳ፤ ምን እንዳሉ ለመስማት ልቧ ተንጠለጠለ። ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«አሁን ላናግርሽ አልፈልግም» አለ ሚስማር።

«እሺ» አለች ፉጨት። ግን አልተነሳችም።